የተጓዥ መጽሐፍ ይዘው ለሚመጡ ተማሪዎቼ

የድሮ የፈረንጅ ተጓዥ መጽሐፍ ይዘው ታሪክ ሊጽፉ የሚመጡ ተማሪዎችን ማማከር ከጀመርኩ ቆየሁ። ስህተቱ ግን አይለወጥም። ዘንድሮ ሦስት ረቂቅ አነበብኩ፤ ሦስቱም ኅዳግ ላይ ያንኑ ነገር ጻፍኩ። አንዴ እዚህ ልጻፈውና ልረፍ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«በዓይኑ አይቷል» ብሎ መነሳት። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር የወጣው በ1771 መጨረሻ ነው። አምስት ቅጽ መጽሐፉ የታተመው በ1790። መሀሉ ወደ ሃያ ዓመት ነው! አንተ ባለፈው ፋሲካ እናትህ ቤት ማን ምን እንዳለ ቃል በቃል ታስታውሳለህ? ብሩስ ግን ያኔ የጎንደር ኃያል ከነበሩት ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር የተጨዋወተውን በትምህርተ ጥቅስ ያስቀምጠዋል። ተማሪዬ ደግሞ ገልብጦ «ራስ ሚካኤል እንዲህ ብለዋል» ይለኛል። አላሉም አልልም። «ብሩስ እንደጻፈው» ብለህ ጀምር ነው የምልህ።

ሰውየው የሚደብቀውም ነገር አለው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት የዓባይ ምንጭ እስካለበት እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዷል። ጎንደር ተመልሶም እዚያው ሞተ። በብሩስ መጽሐፍ ግን ምንጩ ጋ ባሉጋኒ የለም። ክብሩን ለብቻው ፈልጎ ነዋ! ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ደርሶ ያየውን ጽፏል። ብሩስ እሱንም አልደረሰም ብሎ ተሟግቷል። ስለዚህ ተጓዡ ምን አለ ከማለታችሁ በፊት ምን ፈልጎ ነበር በሉ። «የዓባይን ምንጭ አገኘ» የሚለውንም ተዉልኝ። ምንጩ ላለበት ለሰከላ ሰው መቼ ጠፍቶት ያውቃል?

መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን መውሰድ። «ጎንደር 10,000 ሕዝብ ነበራት» ይላሉ። ብሩስ ያለው በሰላም ጊዜ 10,000 ያህል ቤተሰብ ነው።

ያልመጣውን ሰው ተጓዥ ማድረግ። ይሄ የእኔ ነው። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ «ኢትዮጵያን የጎበኘው ባልታዛር ቴሌዝ» ብዬ ጻፍኩ። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ቴሌዝ በየት በኩል ገባ? በምጽዋ ነው በበይሉል?» አሉኝ። አፌ ተያዘ። ፖርቱጋላዊው ጸሐፊ ቴሌዝ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። በ1660 ያሳተመው ኢትዮጵያን በዓይኑ ያየውን የሚሲዮናዊውን የማኑኤል ደ አልሜይዳን ጽሑፍ አሳጥሮና አስተካክሎ ነው። እኔ ያንን ያመጣሁት ከሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍም እንደዚያው ኢትዮጵያን አላየም። ብዙውን የነገሩት ሮም ያገኛቸው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሉዶልፍን ስትጠቅሱ የእሳቸውንም ስም ጻፉ፤ ምን ይከብዳል?

የፈረንጅን ዓመት ወደ እኛ ሲመልሱ ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ። ብሩስ ግሽ የደረሰው ኖቬምበር 4፣ 1770 ነው። በእኛ 1763 እንጂ 1762 አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ የሚቀነሰው ሰባት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ይበሳጭና «በቃ ውሸታሞች ናቸው» ብሎ ሁሉንም ይጥላል። አይሆንም። ለንደን ላይ ብሩስን ከቁም ከብት ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ በማለቱ ሳቁበት። ያው ሰውዬ ግን እነሱ ዘንድ ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዙ ይዞላቸው ሄዷል። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለ ላሊበላ ጽፎ ጽፎ፣ ከዚህ በላይ ብል የሚያምነኝ የለም ብሎ አቆመ። ያንን ፍርሃቱን እወድለታለሁ። ለማን እንደሚጽፍ፣ አንባቢው ምን ያህል ሊያምን እንደሚችል ያሳያል። እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ተጓዥ ሁሉ ፈረንጅ የሚመስላቸውም አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ሄደው ተመልሰው መጽሐፍ አሳትመዋል። ስለ ጃፓን ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያ ምን እንድትሆን ይመኙ እንደነበርም ከዚያ ይነበባል። አንድም ተማሪ በራሱ አነሳሽነት ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

ከምስጋና ገጽ ላይ ደግሞ «ይህ ጥናት ረጅም ጉዞ ነበር» የምትለዋን ብትተዉልኝ። አንዱን የት የት ሄድክ ብዬ ጠየቅኩት። ምንጮቹን በሙሉ ሶፋ ላይ ተኝቶ ከስልኩ ነው ያወረደው። የኔ ወንድም፣ ጉዞ ካልክማ ቢያንስ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ በታክሲ ሂድ።