ማርች ላይ ፀሐይ አይታችሁ ቃሪያ አታውጡ (ዲሲ አካባቢ ጓሮ ላላችሁ)

ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ ድንገት አንድ ሳምንት 70 ዲግሪ ፋራናይት ይሆንና ሰው ሁሉ ጃኬቱን ጥሎ ይወጣል አይደል፣ እዛ ጋ ነው እንግዲህ የምንሸወደው። ሀገር ቤት ደጋ ያደገ ሰው ውርጭን ያውቀዋል፣ ግን የዛ ውርጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ የሚመጣ ነው፣ የዚህኛው ደግሞ አበባው ከፈካ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ማርች 2017 ታይዳል ቤዚን (ዲሲ መሃል ያለው ውሃ) ዳር ያሉት የቼሪ አበቦች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ሊፈኩ ሲሉ ነው በብርድ የተቃጠሉት።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሙቀቱን አምኜ መስኮት ስር ሁለት ወር ያሳደግኳቸውን 14 የቃሪያ ችግኞች አወጣሁ፣ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ ውሃ አዝሎ ልክ እንደተቀቀለ ጎመን ግንዱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። 14ቱም!

ስለዚህ ሰማዩን ትታችሁ መሬቱን እዩ። ክሮከስና ዳፎዲል የሚባሉት ቀድመው የሚወጡ አበቦች ብቅ አሉ ማለት ብርድ አለቀ ማለት አይደለም፣ እነሱ በረዶ ውስጥም ይወጣሉ። እኔ የማምነው ፎርሲቲያን ነው፣ ያ አጥር ላይ ቢጫ ሆኖ የሚያብደው ቁጥቋጦ፣ እሱ ሲያብብ ኮላርድ (ጎመን)፣ ስፒናች፣ ሰላጣና አተር መጀመር ይቻላል። ከዛ በፊት ግን አንድ እፍኝ አፈር አንሱና ጨበጥ አድርጉት፣ በጣት ነካ ስታደርጉት ከፈረሰ ጥሩ፣ እንደ ጭቃ ከተድቦለቦለ አትንኩት፣ እርጥብ አፈር ከቆፈራችሁ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጡብ ነው የሚሆንባችሁ። ለዶሮ ጥብስ የምትገዙት ቴርሞሜትር ካለ ጠዋት አፈሩ ውስጥ 10 ሳንቲሜትር ያህል አስገቡት፣ ለነጎመን 45 ፋራናይት ይበቃል፣ ቃሪያና ቲማቲም ግን 60 ካለፈ በኋላ ነው፣ በዛ ላይ ሌሊቱም ከ50 በታች መውረድ ማቆም አለበት። እዚህ ሰው ማዘርስ ዴይን (የሜይ ሁለተኛ እሁድን) ጠብቁ የሚለው ለዚህ ነው። በሶብላማ ጭራሽ ብርድ አይወድም፣ እሱን አትቸኩሉበት። ጤና አዳም በአበባ መትከያ ዕቃ ይሁን፣ ሲበርድ አንስቶ መግባት ነው።

ፎርካስቱ 36 ካለ ደህና ነን ብላችሁ እንዳትተኙ። እሱ የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ ቅጠሉ ጋ 32 (ውሃ በረዶ የሚሆንበት) ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለ ቀን አፈሩ ደረቅ ከሆነ ቀን ላይ ውሃ አጠጡ፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛል፣ ፀሐይ ሳትገባ ደግሞ አልብሱ። አንሶላ፣ ያረጀ ጋቢ፣ ምንም ይሁን (ባለቤቴ ጋቢ ለጎመን ብላ ሳምንት ስቃብኛለች)፣ ዋናው ነገር እስከ መሬት ድረስ ወርዶ ዳሩ ላይ ድንጋይ ይደረግበት፣ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ነው፣ ግንዱ ላይ ሰብስባችሁ እንደ ከረጢት ካሰራችሁት ምንም አይጠቅምም። ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ እንጨት አቁሙለት፣ የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ትንንሽ ችግኝ ላይ ባልዲ ድፉበት በቃ። ጠዋት ቅዝቃዜው ሲለቅ ግን ግለጡ፣ ፀሐይ ወጥታ ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ሌሊት ከብርድ ያዳናችሁትን ቀን ትቀቅሉታላችሁ።

ፎል ላይ የተከላችሁት ነጭ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ከሆነ አትደንግጡ፣ ያልፍለታል። ኮላርዱም በጠዋት ተኮራምቶ ብታገኙት ቶሎ አትቁረጡት፣ እስከ ቀትር ቀና ይላል፣ ብርድ የነካው ጎመን እንዲያውም ይጣፍጣል። ቃሪያው ግን ግንዱ ድረስ ከጠቆረ አበቃ፣ ለዛ ነው እኔ አሁን ስድስት ሰባት ችግኝ ሁሌ መስኮት ስር የማስቀረው።