«ፀጉሬ አለቀ» ከማለትሽ በፊት

ማበጠሪያ ላይ የተጠቀለለ ፀጉር ያስደነግጣል። አውቃለሁ። ግን ቅባት ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት ከዚያ ጥቅል ውስጥ አንዲት ዘለላ ምዘዢና መስኮት አጠገብ ሂጂ። ሁለቱንም ጫፎቿን እዪ።

አንዱ ጫፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ እብጠት ካለች፣ ፀጉሩ ዕድሜውን ጨርሶ ከቆዳ ውስጥ ወጥቷል። ነጭ ነገር ከሌለ ደግሞ ፀጉሩ አልረገፈም፤ መሃል ላይ ተቀንጥሷል። የአንዱ መፍትሄ ለሌላው አይሠራም። ያቺን ነጭ ነጥብ አይተው «ሥሩ ተነቀለ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሥሩ አይደለችም። ፀጉር የሚያበቅለው ከረጢት እዚያው ቆዳ ውስጥ ቀርቷል።

ጤነኛ ፀጉርም ይረግፋል። ራሳችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጉ ፀጉሮች አሉ። ከእነሱ ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢወጡ የተለመደ ነው። ሹሩባ ለምትሠራ ሴት ይህ ሂሳብ ያታልላል። ሦስት ሳምንት የቆየ ሹሩባ ሲፈታ የሦስት ሳምንቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከ1,000 እስከ 2,000 ዘለላ ማለት ነው፤ እፍኝ ይሞላል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው ከለመድሽው በላይ ሲሆን ነው። ያኔ ከየት ቦታ እንደሚወጣና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልብ በዪ። ምክንያቱን የሚናገሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

«አያድግልኝም፣ ጫፉ ይበጣጠሳል»

ይህ ስብራት ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ከታች የሚሰበረው ከላይ ከሚያድገው ጋር እኩል ከሆነ ርዝመቱ ባለበት ይቆማል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የጋለ ብረት፣ ተደጋግሞ የሚደረግ ሪላክሰርና ቀለም፣ ወይም በደረቁ በኃይል ማበጠር ነው። ሪላክሰሩን አራርቂ፤ አዲስ የበቀለውን ብቻ አስነኪ። ቀለምና ሪላክሰር በአንድ ቀን አይሁን። ከታጠብሽ በኋላ ኮንዲሽነር አድርገሽ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ ፍቺው። የተበላሸው ጫፍ በምንም ቅባት አይጠገንም፤ ይቆረጣል።

«ከሁሉም ቦታ በአንዴ እየወጣ ነው»

ብዙ ሴቶችን ቀን ከሌሊት የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። ደግሞ ከሁሉም ተስፋ ያለውም ይሄው ነው።

አንድ ጊዜ ኃይለኛ ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ዳንኩ፤ ረሳሁት። ከሦስት ወር በኋላ ስታጠብ ፀጉሬ ጣቶቼ መሃል እየተንሸራተተ መምጣት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሻምፖ ቀይሬ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ ለሻምፖው ሰጠሁት። ሌላ ገዛሁ። እሱንም ጣልኩት። በኋላ ሐኪም ጋ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከሦስት ወር በፊት ምን ሆነሽ ነበር?» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ሦስት ወር ያህል ያርፍና ይወድቃል። ሰውነት ከባድ ነገር ሲገጥመው ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል። የሚወድቀው ግን ዕረፍቱን ሲጨርስ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ትናንት አትፈልጊው። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሪ። ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ በጥድፊያ ክብደት መቀነስ፣ ሐዘን፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል ማቆም ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ምክንያቱ አልፎ ከሆነ መርገፉ ባብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል። የወለደች ሴት ደግሞ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፀጉሯ ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ነው አሁን የሚወድቀው። ግንባር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ አጫጭር ፀጉሮች ካየሽ ደስ ይበልሽ፤ አዲሶቹ ናቸው።

ከሦስት ወር በፊት ምንም ካልገጠመሽ፣ ወይም መርገፉ ከስድስት ወር ካለፈ፣ ደም መመርመር ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው የብረት ክምችት ነው፤ ፌሪቲን ይባላል። የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት ደም ማነስ የለብሽም ብትባል እንኳ ክምችቷ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ የታይሮይድ፣ ምርመራ ነው። ዕጢው ሲያንቀላፋም ሲፈጥንም ፀጉር ይረግፋል። ድካም፣ ብርድ ያለልክ መሰማት፣ የክብደት መለዋወጥ አብሮ ካለ ወደዚያ ይጠቁማል። የምትወስጃቸውንም መድኃኒቶች ለሐኪም ንገሪ። ደም የሚያቀጥኑ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት መድኃኒቶች ፀጉር ሊያረግፉ ይችላሉ። በራስሽ ግን አንዱንም አታቁሚ።

«መክፈያዬ እየሰፋ ነው»

እዚህ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ላታዪ ትችያለሽ። ፀጉርሽን መሃል ለመሃል ስትከፍዪው መስመሩ ካምናው ሰፍቷል። ስታስሪው ጭራው ቀጥኗል። ግንባር ላይ ያለው መስመር ግን አልሸሸም። ይህ በዘር የሚመጣ መሳሳት ነው፤ ከእናትም ከአባትም ወገን ሊሆን ይችላል። ፀጉሩ አይጠፋም፤ በየዙሩ እየቀጠነ ይበቅላል።

አገጭ ላይ ፀጉር መብቀል፣ ብጉርና የወር አበባ መዛባት ከተጨመሩ የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከበስተጀርባው የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ችግር ሊኖር ይችላል።

በደንብ የተፈተነው ሕክምና ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት እንክብል ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ባልታሰበ ቦታ ፀጉር ሲያበቅሉ ነው ለራስ ቆዳ የታሰበው። ለሴቶች 2 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በቀን ሁለቴ፣ 5 በመቶ የሆነው አረፋ በቀን አንዴ ይቀባል። ቆዳው ላይ ነው የሚቀባው፤ ፀጉሩ ላይ አይደለም። ከቀባሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ። ግንባርሽ ላይ ከወረደ እዚያም ፀጉር ሊያበቅል ይችላል።

አብዛኛዋ ሴት ተስፋ የምትቆርጠው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ መርገፉ ይብስባታል። ያረጀው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ስለሆነ ነው። ለውጥ ለማየት ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። ስታቆሚው ያገኘሽውን መልሰሽ ታጫለሽ፤ ይህን አውቀሽ ጀምሪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ አይሆንም።

«ግንባሬ ከፍ አለ፣ ጆሮዬ ጋ ሳሳ»

ይህ የመጎተት ጉዳት ነው። ጠበቅ ያለ ሹሩባ፣ ከባድ አርቴፊሻል ፀጉር፣ በሙጫ የሚለጠፍ ዊግ፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተወጥሮ የሚታሰር ፀጉር ያመጣዋል። አንድ መለያ አለው። ሸሽቷል በሚባለው ቦታ ፊት ለፊት፣ የቀድሞው የግንባር መስመር ላይ፣ ቀጫጭን ፀጉሮች እንደ ጠርዝ ቀርተው ታያለሽ።

ሹሩባ ተሠርተሽ ያን ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት ካቃተሽ፣ ወይም በማግስቱ ግንባርሽ ዙሪያ ትናንሽ ነጫጭ እብጠቶች ካወጣ፣ ሹሩባው ጠብቋል። «ይለቃል፣ ታገሺ» የሚሉሽን አትስሚ። የዚያኑ ዕለት አስፈቺው። ያማረ ሹሩባ ማለት ቅንድብ የሚስብ ሹሩባ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም።

በጊዜ ከተተወ ይመለሳል። ሥሩ ያለበት ቦታ ጠባሳ ከሆነ ግን አይመለስም። ስለዚህ ዳር ዳሩን ሳያካትቱ ወፈር ወፈር አድርገው እንዲሠሩልሽ ንገሪ፤ ከስድስት ሳምንት በላይም አታቆዪው፤ በመሃል ጥቂት ሳምንት አሳርፊው። ሪላክሰር በተደረገ ፀጉር ላይ ጠበቅ ያለ ሹሩባ መጨመር ጉዳቱን ያባብሰዋል።

«ክብ ባዶ ቦታ ወጣብኝ»

ጣትሽን አሳልፊበት። ልሙጥ ከሆነ፣ ካላሳከከና ካልተቀረፈ ላሽ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጥቂት ቦታ ከሆነ በራሱም ሊበቅል ይችላል፤ የቆዳ ሐኪም ቦታው ላይ በሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ደግሞ ይፋጠናል። ጠንከር ላለው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በእንክብል የሚወሰዱ አዳዲስ መድኃኒቶች ፈቃድ አግኝተዋል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እያሹ ቆዳ መላጥ ሕክምና አይደለም፤ ቁስል ላይ ቁስል ነው።

ከተቀረፈ፣ ካሳከከ፣ ፀጉሩም ከቆዳው እኩል ተቆርጦ ጥቁር ነጠብጣብ ከመሰለ ግን ቆረቆር ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ሕፃናት ላይ ቢበዛም ከልጅ ወደ እናት ይተላለፋል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ክሬም ብቻውን አይደርስበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ማበጠሪያና ሻሽ አትዋሱ።

«አናቴን ያቃጥለኛል»

አናት ላይ ጀምሮ ወደ ዙሪያው የሚሰፋ መሳሳት፣ ከማቃጠል ወይም ሲነኩት ከመታመም ጋር ሲመጣ፣ ቆዳውም የሚያብለጨልጭና የፀጉር ቀዳዳ የሌለው ሲመስል፣ ጠባሳ የሚተው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። እዚህ ላይ ወራት መጠበቅ የለም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ነው የሚሮጠው። የቆዳ ሐኪም ትንሽ ናሙና ወስዶ ያረጋግጣል።

ስለ ቫይታሚን

«ለፀጉር» ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለ። የባዮቲን እጥረት ብርቅ ነው። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ያዛባል፤ ደም ከመስጠትሽ በፊት እየወሰድሽ መሆኑን ተናገሪ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል። ብረትም ያለምርመራ አይዋጥም።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ

ሹሩባውን ፍቺው፤ ዊጉን አውልቂው፤ ቅባት አትቀቢ። እንዳያፍሩበት ሸፋፍነው የሚሄዱ አሉ፤ ሐኪሙ ግን የተሸፈነውን ነው ማየት ያለበት። በየወሩ አንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ፀጉርሽን መሃል ለመሃል ከፍለሽ በስልክ ፎቶ አንሺ። መስታወት በየቀኑ ስለሚያሳይሽ ለውጡን ይደብቃል። ፎቶዎቹን ይዘሽ ሂጂ፤ ከሦስት ወር በፊት የሆነውንም አስበሽ ጻፊው።