የዛሬው የአሜሪካ መንግሥት የመሥራቾቹን ሐሳብ መጠበቁን እንዴት እንመርምር? በጅማ ለክርክር ለሚዘጋጁ የቀረበ መምሪያ

ይህ መምሪያ የተዘጋጀው በጅማ ሕግ፣ ታሪክ ወይም ፖለቲካል ሳይንስ ለሚማሩና ስለ አሜሪካ መንግሥት በመድረክ ለመከራከር ለሚዘጋጁ ወጣቶች ነው። «የዛሬው የአሜሪካ መንግሥት የመሥራቾቹን ሐሳብ ያንጸባርቃልን?» የሚል ርዕስ ሲሰጥ ተከራካሪው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ወገን ይሰለፍና ለወገኑ የሚመቸውን ብቻ ይለቅማል። ጥያቄው ግን በጥቅሉ መልስ የለውም። መልስ የሚገኝለት ተቋም በተቋም ሲመረመር ነው፤ ለዚያም የሚከተለውን መንገድ እመክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «መሥራቾች» የምትሏቸው እነማን እንደሆኑ ወስኑ። በ1787 በፊላዴልፊያ በተካሄደውና ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ 55 ልዑካን የተገኙ ሲሆን በመጨረሻው ሰነድ ላይ የፈረሙት 39 ብቻ ናቸው። ሮድ አይላንድ ልዑክ አልላከችም። ቶማስ ጀፈርሰን በፓሪስ፣ ጆን አዳምስ በለንደን አገራቸውን ወክለው ይሠሩ ስለ ነበር በጉባኤው አልተገኙም፤ ስለዚህ የጀፈርሰንን ደብዳቤ ጠቅሶ «ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ይህንን ነው» የሚል ተከራካሪ ከመነሻው ይስታል። የተገኙትም ቢሆኑ ሐሳባቸው አንድ አልነበረም። አሌክሳንደር ሃሚልተን ርዕሰ ብሔሩ መልካም ጠባይ እስካሳየ ድረስ ዕድሜ ልኩን በሥልጣን እንዲቆይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ሰነዱ የመብቶች ዝርዝር ስለሌለው ጭምር አልፈርምም ብሏል። ጄምስ ማዲሰን ደግሞ በሁለቱም የኮንግረስ (የሕግ አውጪው) ምክር ቤቶች ውክልናው በሕዝብ ቁጥር እንዲሆን አጥብቆ ተከራክሮ ተሸንፏል። ትንሹም ትልቁም ክፍለ ግዛት በሴኔት እኩል ድምፅ እንዲኖረው የተደረገው በስምምነት እንጂ በአንድ ጥበበኛ ዕቅድ አይደለም፤ ዛሬ «የመሥራቾች ጥበብ» ተብሎ የሚወደሰው ይህ ድንጋጌ የሕገ መንግሥቱ አባት የሚባለው ማዲሰን ራሱ የተቃወመው መሆኑን ልብ በሉ። እንግዲህ «የመሥራቾች ሐሳብ» ከማለት ይልቅ «የማዲሰን ሐሳብ»፣ «የሃሚልተን ሐሳብ» ወይም «ሁሉም የተስማሙበት ቃል» እያላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ።

ቀጥሎ ማስረጃችሁን በየደረጃው አስቀምጡ። ቀዳሚው የጸደቀው ቃል ራሱ ነው። በፌዴራሊስት ስም የሚታወቁት 85 ጽሑፎች እጅግ ጠቃሚ ቢሆኑም ሃሚልተን፣ ማዲሰንና ጆን ጄይ የኒው ዮርክን ሕዝብ አሳምነው ሰነዱን ለማጸደቅ የጻፏቸው ስለሆኑ የጠበቃ ድምፅ አለባቸው። ማዲሰን የያዘው የጉባኤው ማስታወሻ ደግሞ ለሕዝብ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ በ1840 ነው፤ ስለዚህ ያጸደቁት ሰዎች አላነበቡትም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። የ1995ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ትርጓሜውን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት በግልጽ ሰጥቷል፤ የአሜሪካው ግን የመጨረሻው ተርጓሚ ማን እንደሆነ በግልጽ አይናገርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግን የመሻር ሥልጣኑን ያጸናው በ1803 ዳኛ ጆን ማርሻል በማርበሪ እና ማዲሰን ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ነው። ሃሚልተን ይህን ሥልጣን አስቀድሞ በጽሑፍ ደግፎት ስለ ነበር ከሐሳቡ ውጭ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ቃሉ ውስጥ ተጽፏል ለማለትም እንዲሁ።

ሦስተኛው ሥራ ለውጡ በየትኛው መንገድ እንደመጣ መለየት ነው። መሥራቾቹ በአምስተኛው አንቀጽ የማሻሻያ መንገድ አበጅተዋል፤ ማሻሻያ በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቀርቦ በሦስት አራተኛ ክፍለ ግዛቶች ይጸድቃል። እስካሁን 27 ማሻሻያዎች ጸድቀዋል። ቀድሞ በክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች ይመረጡ የነበሩት ሴናተሮች ከ1913 ጀምሮ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ የተደረገው፣ ሴቶችም በ1920 የመምረጥ መብታቸው የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ከመሥራቾቹ አሠራር ቢርቅም እነርሱ በፈቀዱት ደንብ የተፈጸመ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳትሸሽጉ ተናገሩ፦ የመጀመሪያው ሰነድ ለውክልና ሲቆጠር ባሪያውን እንደ ሰው ሦስት አምስተኛ ይቆጥር ነበር፤ የባሪያ ንግድንም ኮንግረስ እስከ 1808 እንዳይከለክል አግዶ ነበር። ባርነትን ያጠፋው የ1865ቱ ማሻሻያ ከመሥራቾቹ ሰነድ መራቅ ከሆነ መራቁ የሚያስመሰግን ነው። «ርቋል» ማለትና «ተበላሽቷል» ማለት አንድ እንዳልሆነ ያልገባው ተከራካሪ ገና ክርክሩን አልጀመረም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝና እናንተም ረዘም ያለ ጊዜ እንድትሰጡት የምመክረው ቃሉ ሳይነካ በልማድ የመጣው ለውጥ ነው። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የጦርነት ሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የማወጅን ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው፤ ማዲሰንም በ1798 ለጀፈርሰን በጻፈው ደብዳቤ ወደ ጦርነት ይበልጥ የሚያዘነብለው አስፈጻሚው አካል መሆኑንና ሥልጣኑ ታስቦበት ለሕግ አውጪው መሰጠቱን ገልጿል። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት በይፋ ያወጀው በ1942 በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሩማንያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በኮሪያ፣ በቬትናም፣ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ የተካሄዱት ጦርነቶች በይፋ የታወጁ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በኮንግረስ የፈቃድ ውሳኔ፣ የኮሪያው ደግሞ ያለዚያም ተካሂደዋል። ኮንግረስ በ1973 የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቃውሞ አልፎ ባወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ጦር ባሰማራ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ ፈቃድ ካላገኘም በ60 ቀን ውስጥ ጦሩን በውጊያ ማሰማራቱን እንዲያቆም ደንግጓል። ሆኖም የማዘዙ ነገር በተግባር በፕሬዚዳንቱ እጅ ቆይቷል።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ስትመረምሩ ወደ ማዲሰን ሐሳብ ሥር ትደርሳላችሁ። በ51ኛው የፌዴራሊስት ጽሑፍ እንደተብራራው እያንዳንዱ የመንግሥት አካል ሥልጣኑን ለማስጠበቅ ካለው ጉጉት የተነሣ ሌላውን ይገታል ተብሎ ታስቦ ነበር። ይህ ስሌት የሚሠራው የምክር ቤት አባል ከሁሉ አስቀድሞ ለምክር ቤቱ የሚቆረቆር ሲሆን ነው። የዛሬው አባል ግን ፕሬዚዳንቱ የፓርቲው ሰው ከሆነ የምክር ቤቱን ሥልጣን ከማስከበር ይልቅ ፓርቲውን ማትረፍ ይቀናዋል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 የስንብት መልእክቱ ያስጠነቀቀው ስለዚሁ የወገንተኝነት መንፈስ ነበር። በእኔ ዳኝነት ከመሥራቾቹ ሐሳብ በጣም የራቀው የመንግሥቱ ስፋት ወይም የማሻሻያዎቹ ብዛት ሳይሆን ይህ የእርስ በርስ መገታት መላላቱ ነው፤ ክርክራችሁን በዚህ ላይ ብትመሠርቱ ጸንታችሁ ትቆማላችሁ።

የፌዴራሉን መንግሥት መስፋት ለማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ የ1942ቱን የዊካርድ እና ፊልበርን ፍርድ ውሰዱ። አንድ የኦሃዮ ገበሬ ከተፈቀደለት መሬት በላይ ስንዴ ዘርቶ ትርፉን ለቤቱና ለከብቶቹ እንዳዋለው ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ምርት ተደምሮ ኮንግረስ እንዲቆጣጠረው በሕገ መንግሥቱ የንግድ አንቀጽ ሥልጣን የተሰጠውን በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ ይነካል ብሎ ፈረደበት። በማና ወይም በጎማ ወረዳ ከለቀመው ቡና ለቤቱ የሚያስቀር ገበሬ ያ ለቤት የቀረው ቡና እንደ ንግድ ቢቆጠርበት ምን እንደሚል አድማጮቻችሁን ጠይቁ፤ የጉዳዩ ክብደት ወዲያው ይገባቸዋል። በሌላ በኩል በ1790 ወደ 3.9 ሚሊዮን ሕዝብ ለነበራት አገር የተጻፈ የንግድ አንቀጽ ዛሬ ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ገበያ ሲገናኝ ሥራው መስፋቱ አይቀርም የሚለውንም መልስ አዘጋጁ፤ ከባድ መልስ ነውና።

ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠውን የመራጮች ጉባኤን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። መራጮቹ በራሳቸው ዳኝነት ይመርጣሉ ተብሎ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ዛሬ በፓርቲ የተሰየሙ ናቸው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አሸናፊው ሁሉንም ድምፅ የሚወስድበት አሠራርም በክፍለ ግዛት ሕግ የተወሰነ እንጂ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ አይደለም። ስለዚህ በመላ አገሪቱ ያነሰ የሕዝብ ድምፅ ያገኘው እጩ ያሸነፈበትን የ2000ን እና የ2016ን ምርጫ ውጤት ሙሉ በሙሉ ለመሥራቾቹ አታሸክሙ።

ንግግራችሁን ስታሰናዱ ከእነዚህ ተቋማት አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ምረጡ። ለእያንዳንዱም ቃሉ ምን ይላል፣ ማን ደገፈው፣ ማን ተቃወመው፣ ዛሬ በተግባር እንዴት ይሠራል፣ ለውጡስ በማሻሻያ ነው ወይስ በልማድ የመጣው ለሚሉት መልስ በወረቀት ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጥቅሶቻችሁን አጣሩ፤ በዋሽንግተንና በጀፈርሰን ስም በኢንተርኔት የሚዘዋወሩ ብዙ ንግግሮች እነርሱ ያልተናገሯቸው ናቸውና። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ፋውንደርስ ኦንላይን» በተባለው ገጹ የመሥራቾቹን ደብዳቤዎች ያለ ክፍያ ስላቀረበ የምትጠቅሱትን ቃል ከነቀኑና ከነተቀባዩ ስም እዚያ ፈልጉት፤ ካላገኛችሁት ምንም ያህል ቢያምር ከንግግራችሁ አውጡት።