አሮጌ የድንጋይ ከሰል ምድጃ በሰሜን ሸዋ ደጋ፦ ችግርና መፍትሔ

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበርና መንዝ ባለው ደጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚዘልቀው የሌሊት ቁር ማሳውን በውርጭ የሚያነጣ ነው። ባናና በርኖስ ሰውን እንጂ ቤቱን ስለማያሞቁ፣ አሮጌ የብረት ምድጃ ገዝቶ በድንጋይ ከሰል ቤት ማሞቅ ለሚያስብ ሰው ሐሳቡ ተገቢ ነው። እነዚህ ምድጃዎች ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት የተሠሩ ሲሆን፣ ብረታቸው ወፍራም ስለሆነ በደንብ ከተያዙ ዛሬም ያገለግላሉ። ሆኖም በዝቅተኛ አገር ላለ ወፍራም አየር ስለተሠሩ እዚህ ደጋ ላይ ሲተከሉ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ከሚያሳዩት ችግር አብዛኛውም ከሥር ከሚገባው ወይም በጭስ ማውጫው ከሚወጣው አየር የሚመነጭ ነው።

ከመግዛት በፊት

የድንጋይ ከሰል የሚያነደው አሮጌ የብረት ምድጃ ሁሉ አይደለም። ለእንጨት ብቻ የተሠራው ወለሉ ድፍን ነው፤ የድንጋይ ከሰል ግን አየር የሚፈልገው ከሥሩ በመሆኑ ያለ ፍርግርግ አይያያዝም። ስለዚህ ገዢው ወፍራም የብረት ፍርግርግ፣ ፍርግርጉን ከውጭ የሚነቀንቅ እጀታ፣ የአመድ መሳቢያ፣ በመሳቢያው በር ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መግቢያ፣ በውስጥ ግድግዳው ደግሞ እሳት የሚችል ጡብ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ፍርግርጉ የጎደለበት ምድጃ ምትኩን ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ዋጋው ቢረክስም መተው ይሻላል።

ስንጥቅ ለመፈለግ ክፍሉን አጨልሞ፣ መብራት ምድጃው ውስጥ አስገብቶ በሩን መዝጋት ነው፤ ብርሃን በሾለከበት ቦታ ሁሉ ጭስም ይሾልካል። ሻጩ ስንጥቁ በብየዳ ይደፈናል ቢል በቀላሉ መቀበል አይገባም፤ ምድጃው የተሠራበት፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት (ካስት አይረን) ተሰባሪ በመሆኑ በተለመደው የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ) ከተበየደ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል፤ ሥራው የኒኬል ኤሌክትሮድና አስቀድሞ ብረቱን ማሞቅ የሚያውቅ በያጅ ይጠይቃል። በበሩ ዙሪያ የተጠመጠመው ግራጫ ገመድም አስቤስቶስ የተባለ ቃጫ መሰል ማዕድን ሊሆን ስለሚችልና ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ደረቁን መፋቅ ወይም በብሩሽ መጥረግ ፈጽሞ አይገባም።

ምልክት፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ

ከሌላው ሁሉ ይህ ይቀድማል። በቤቱ ያሉ ሰዎች በአንድነት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ መንስኤው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያዝበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። በዚህ ጊዜ ምድጃውን ለማስተካከል መሞከር ሕይወት ያስከፍላል፤ መጀመሪያ ሰው ሁሉ፣ የተኙ ሕፃናት ጭምር፣ ወደ ውጭ ይውጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ የታመመው ሰው የተሻለው ቢመስልም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ምክንያቱ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሦስት በአንዱ ሲሆን፣ እነሱም እሳቱ እንዲቆይ ተብሎ በቱቦው ውስጥ ያለው የጭስ መግቻ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ፣ ቱቦው በጥቀርሻ ወይም በወፍ ጎጆ መደፈኑ፣ ወይም ብርድ እንዳይገባ የቤቱ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ መወተፉ ነው። ለመጀመሪያው መግቻው ተዘግቶም ጭስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንዲኖረው ማስበሳት፣ ለሁለተኛው ቱቦውን ፈትቶ መጥረግ፣ ለሦስተኛው ከምድጃው አጠገብ በግድግዳው ታችኛ ክፍል የማይዘጋ የአየር መግቢያ መክፈት መፍትሔው ነው። የጋዙን መኖር በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ማግኘት የሚችል ሰው ከምድጃው በፊት እሱን ይግዛ። የድንጋይ ከሰልን ጭስ ማውጫ በሌለው ማንደጃ ቤት ውስጥ ማንደድ ግን በምንም ጥንቃቄ አይታረምም።

ምልክት፦ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል

መቼ እንደሚመለስ ማስተዋል ምክንያቱን ይነግራል። ሲለኮስ ብቻ ከሆነ፣ በቱቦው ውስጥ ያደረው ቀዝቃዛ አየር ከብዶ መንገዱን ይዟልና ከቱቦው ሥር ወረቀት አንድዶ ቱቦውን ማሟሟቅ ይበቃል። መስኮት ሲከፈት ጭሱ የሚቆም ከሆነ ቤቱ አየር አጥሮታል። ነፋስ ሲነሣ ብቻ የሚመለስ ከሆነ፣ በተለይ እንደ ጣርማበር ባለ ገደል አፋፍ ላይ፣ የቱቦው ጫፍ ቆብ ያስፈልገዋል፤ ከጣራው ጋር ያለው ርቀትም መለካት አለበት። ጫፉ ጣራውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ከፍ ያለ ነገር ደግሞ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ ይገባዋል።

ሁልጊዜ የሚመለስ ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የቱቦው ማጠር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጭስን ወደ ላይ የሚስበው በውጭው ከባድ አየርና በቱቦው ሙቅ አየር መካከል ያለው የክብደት ልዩነት በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳ መጠን ስበቱም ይደክማል። በዝቅተኛ አገር 4 ሜትር ተኩል የሚበቃው ጭስ ማውጫ እዚህ ከ6 ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ መንዝ ላይ ከዚያም ቢረዝም መልካም ነው። ከሁለት በላይ ማጠፊያ አይኑረው፤ አግድም የሚሄደው ክፍል በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይዝመም። ከጣራ በላይ ያለው ክፍል ነጠላ ላሜራ ከሆነ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ስበቱን ያዳክማል፤ ድርብ ሆኖ በመካከሉ ሙቀት የሚይዝ ነገር የተሞላበት ቱቦ ወይም በጡብ የተገነባ ጭስ ማውጫ ይሻላል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ከመጠን በላይ ሲግል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ከምድጃው ጋር በቀጥታ መያያዝ የለበትም።

የሳር ክዳን ባለው ቤት ይህን ምድጃ መትከል አይገባም። በቆርቆሮ ቤትም ምድጃው በጭቃ ከተለሰነ የእንጨት ግድግዳ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ቱቦው ከኮርኒስና ከማገር 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ምልክት፦ ከሰሉ አልያያዝ ይላል ወይም ሌሊት ይጠፋል

አንትራሳይት የሚባለው ጠንካራ ከሰል በክብሪትና በወረቀት አይለኮስም። በጭራሮና በደረቅ ባሕር ዛፍ ጥሩ ፍም ከተሠራ በኋላ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል፤ የአየሩ በር ከታች ተከፍቶ ከላይ ያለው ይዘጋል። ከዚያም ንብርብሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ከተቻለም እስከ ጡቡ አፍ እንዲደርስ ያስፈልጋል፤ ስስ ንብርብር ሙቀቱን ስለማይጠብቅ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይሞታል። ቆጥቤ ላንድድ ብሎ ማሳነስ እዚህ ላይ ኪሳራ ነው። በከሰሉ ላይ የሚጫወት ሰማያዊ ነበልባል ጋዙ በምድጃው ውስጥ እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል።

በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሙሽ ሸለቆ እንደሚታወቀው ያለ ሊግናይት የሚባለው ለስላሳ ቡናማ ከሰል ግን ሌላ ጠባይ አለው። እርጥበቱ ብዙ፣ ጭሱና አመዱም ብዙ ስለሆነ በጥላ ሥር ሳይደርቅ አይግባ፤ በሚነድበት ጊዜ ከላይም ጥቂት አየር ይፈልጋል፤ ቱቦውንም ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ግድ ይላል። የቱም ዓይነት ቢሆን ድቃቂው በወንፊት ተለይቶ ይውጣ፤ ፍርግርጉን ደፍኖ እሳቱን ያፍናልና።

ምልክት፦ ከሰል እንደተጨመረ ነበልባል በበሩ ይተፋል

አዲሱ ከሰል ፍሙን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው ጋዙ ሳይቃጠል ይጠራቀምና በኋላ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሲጨመር ከፍሙ አንድ ጥግ ገላጣ ሆኖ ይቅር። በሩም መጀመሪያ ስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ጥቂት ከተቆየ በኋላ ይከፈት። ኬሮሲን ማርከፍከፍ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ምልክት፦ ፍርግርጉ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል

ፍርግርጉ የማይቀልጠው ከሥሩ የሚያልፈው አየር ስለሚያቀዘቅዘው ነው። አመድ ተቆልሎ ከታች ሲነካው አየሩ ይቋረጥና ብረቱ ይጣመማል። መሳቢያው በየቀኑ፣ ቢቻል ጠዋትና ማታ፣ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ይገልበጥና ከቤት ውጭ ይደር። በጋለ ምድጃ ላይ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

አመዱ ቀልጦ እንደ ድንጋይ ከረጋ፣ እሳቱ ከላይ እየተቆሰቆሰ ወይም በብዙ አየር እየጋለ ነው ማለት ነው። ከላይ መቆስቆስ ይቅር፤ ፍርግርጉ ቀይ ፍም መሳቢያው ላይ መውደቅ እስኪጀምር ብቻ በአጭሩ ይነቅነቅ፤ የረጋው ደግሞ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ ይለቀም።

ምልክት፦ ቱቦው በዓመቱ ይበሳል

የድንጋይ ከሰል አመድና ጥቀርሻ ድኝ አለበት፤ ምድጃው ሳይነድ ሲቆይ በተለይ በክረምት ጉም ይህ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆንና ላሜራውን ይበላዋል። እሳቱ በበልግ መጨረሻ ካበቃ፣ ሰኔ ሳይገባ ቱቦው ተፈትቶ ይጠረግ፤ ምድጃው ከአመድ ጸድቶ ውስጡ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወልወል፤ የጣራው ቀዳዳም ይከደን። በጥቅምት ከመለኮሱ በፊት ክዳኑ መነሣቱን፣ ቱቦውም ከላይ እስከ ታች ክፍት መሆኑን በመብራት ማየት ያስፈልጋል።