የፀሐይ ጣቢያና ባትሪ መብራት ሳያስጠፉ ከኃይል መረብ ጋር እንዴት ይገናኛሉ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2016 በደቡብ ካሊፎርኒያ የተነሳ ሰደድ እሳት ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ሥር ደረሰ። በዚያች ቀን የ500 ኪሎ ቮልት መስመሮች ላይ ብቻ 13 ጊዜ ሾርት ሰርኪዩት ተፈጠረ። መከላከያዎቹ ሥራቸውን ሠርተው የተነካውን መስመር በሰከንድ ሽርፍራፊ ቆረጡት። ሆኖም ከእነዚህ አጋጣሚዎች በአንዱ ብቻ 1,200 ሜጋ ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ከመረቡ ላይ ጠፋ። ፀሐይዋ የትም አልሄደችም፤ ፓነሎቹም ደህና ነበሩ።

ነገሩ ሲመረመር 700 ሜጋ ዋት ያህሉ ከመረቡ የወጣው ኢንቨርተሮቹ (የፓነሉን ኃይል ለመረቡ ወደሚስማማ ሞገድ የሚቀይሩት መሣሪያዎች) «ፍሪኩዌንሲው ከ57 ኸርዝ በታች ወርዷል» ብለው ስለደመደሙ ሆኖ ተገኘ። የመረቡ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ በእውነት የወረደው ግን ከ60 ወደ 59.867 ኸርዝ ብቻ ነበር። በሾርት ሰርኪዩቱ ቅጽበት የተዛባውን ሞገድ በችኮላ ለኩ፣ በችኮላም ወጡ።

ስለ ታዳሽ ኃይል ሲወራ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ፀሐይ ስትጠልቅስ?» ብሎ ነው። ለዚያ ባትሪ አለ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በጠራራ ፀሐይ ራሱን ለማዳን ሲል የሚሸሸው ኢንቨርተር ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ የፀሐይ ወይም የነፋስ ጣቢያ ከነባትሪው ወደ መረብ ሲገባ እንዳይሸሽ የሚደረገውን ያሳያል። መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ባለሙያውን ምን ብለው እንደሚጠይቁት ማወቅ ይበቃል።

1. የሚገናኙበት ቦታ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይለኩ

መረብ ሁሉ እኩል አይደለም። በትልልቅ ጄኔሬተሮች አጠገብ ያለ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ቮልቴጁ በቀላሉ አይናወጥም፤ በረጅም መስመር ጫፍ ያለው ግን በትንሽ ነገር ይንገዳገዳል። የሚለካውም እንዲህ ነው፦ በመገናኛው ቦታ ሾርት ሰርኪዩት ቢፈጠር መረቡ የሚሰጠውን አቅም በሜጋ ቮልት አምፔር ይውሰዱና በጣቢያው ሜጋ ዋት ያካፍሉ። 250ን ለ100 ሲያካፍሉ 2.5 ይመጣል። ከ3 በታች ከሆነ ቦታው ደካማ ነው፤ ተራ ኢንቨርተር እዚያ ላይ ሊወዛወዝ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጎረቤት ያሉ ሌሎች የፀሐይና የነፋስ ጣቢያዎች ያንኑ ጥንካሬ ይካፈላሉ። ብቻዎን የሆኑ መስሎዎት ያገኙት ቁጥር፣ አምስት ሆናችሁ ስትቆጠሩ ሌላ ነው።

ቦታው ደካማ ከሆነ ወይ ሌላ ሰብስቴሽን ይመረጣል፣ ወይ ሲንክሮነስ ኮንደንሰር ይተከላል። ይህ ነዳጅ የማይበላ፣ ከመረቡ ጋር እኩል የሚሽከረከር ከባድ ማሽን ነው። ደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2021 አራቱን ሥራ ላይ አውላለች። ለምን እንዲህ ያለ ወጪ ውስጥ እንደገባች ቀጥሎ ይመጣል።

2. ኢንቨርተሩ ምን ሲያይ ራሱን እንደሚያጠፋ በጽሑፍ ይቀበሉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ የመሥራት ጊዜ ቢኖርዎት ይህን ይሥሩ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 በደቡብ አውስትራሊያ ከባድ ማዕበል የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጣለ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደና ተመለሰ። የነፋስ ጣቢያዎቹ የመጀመሪያዎቹን ቻሉ። ይሁንና በብዙዎቹ ተርባይኖች ውስጥ «በአጭር ጊዜ ከተወሰነ ብዛት በላይ የቮልቴጅ መውረድ ካየህ ውጣ» የሚል ሴቲንግ ነበር። ዘጠኝ ጣቢያዎች ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ፤ ከጎረቤት ግዛት የሚመጣው መስመር የጎደለውን ልሸከም ብሎ ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ተቆረጠ፤ 850,000 ደንበኞች መብራት አጡ። መረቡን የሚመራው ድርጅት ይህ ሴቲንግ መኖሩን አስቀድሞ አያውቅም ነበር። ኋላ ቁጥሩ ሲቀየር እነዚያው ተርባይኖች ተጨማሪ መውረድ መቋቋም ቻሉ።

ስለዚህ አምራቹን ወይም ተቋራጩን ይህን ይጠይቁ። ፍሪኩዌንሲን የሚለካው በቅጽበት ነው ወይስ ጥቂት ታግሶ? (በካሊፎርኒያው ጉዳይ የተደረገው ማስተካከያ ከመውጣቱ በፊት እስከ 5 ሰከንድ እንዲታገስ ነበር።) ቮልቴጅ ሲወርድ ኃይል መስጠቱን ለጊዜው ያቋርጣል? ካቋረጠ በስንት ጊዜ ይመለሳል? ስንት ተከታታይ መውረድ ይችላል? ከፍ ያለ ቮልቴጅስ እስከ ስንት ይሸከማል?

«ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላል» የሚል መልስ ከመጣ አይርኩ። ሴቲንጉ መሣሪያው በእውነት ሊሸከመው በሚችለው ልክ መሆን አለበት። የሕጉ ዝቅተኛ ወሰን ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ጣቢያ፣ አቅም እያለው የሚሸሽ ጣቢያ ነው።

ጉዳዩ በአንድ ትምህርት እንደማያልቅ ቴክሳስ አሳይታለች። በሜይ 2021 ኦዴሳ ከተማ አካባቢ በደረሰ ሾርት ሰርኪዩት 1,112 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ከመረቡ ወጣ። ሪፖርት ተጻፈ፣ ምክር ተሰጠ። በጁን 2022 እዚያው አካባቢ ሌላ ሾርት ሰርኪዩት ተከሰተ፤ በዚህኛው 1,711 ሜጋ ዋት ጠፋ።

3. ለባትሪው ሥራ ይስጡት

ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፦ ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋዩ ወዲያው አይቆምም፣ በራሱ ክብደት ጥቂት ይዞራል። የውሃና የእንፋሎት ተርባይኖችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ጣቢያ በድንገት ሲወጣ የሌሎቹ ክብደት ፍሪኩዌንሲው ቁልቁል እንዳይወረወር ይይዘዋል። የኢትዮጵያ መረብ በአብዛኛው በውሃ ተርባይን ስለሚሠራ ይህ ብርታት አለው። ፓነልና ባትሪ ግን የሚዞር ነገር የላቸውም። ባትሪ ያለው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱም የሚጠቅመው ከታዘዘ ነው።

ትእዛዙ የሚሰጠው «ድሩፕ» በሚባል ቁጥር ነው፤ ባትሪው ሙሉ አቅሙን እንዲሰጥ ፍሪኩዌንሲው በስንት በመቶ መውረድ እንዳለበት ይናገራል። በ50 ኸርዝ መረብ ላይ ያለ 100 ሜጋ ዋት ባትሪ ድሩፑ 5 በመቶ ቢሆን፣ ፍሪኩዌንሲው በ0.25 ኸርዝ ሲወርድ 10 ሜጋ ዋት ይሰጣል። 2 በመቶ ቢደረግ ለዚያው መውረድ 25 ሜጋ ዋት ይሰጣል። የትኛው እንደሚሻል የመረቡ ኦፐሬተር ይወስን፤ እርስዎ ግን ቁጥሩ ፋብሪካው እንዳስቀመጠው ዝም ብሎ እንዳይቀር ይጠብቁ።

ሌላው ነገር የቻርጅ መጠን ነው። ጥርቅም ብሎ የሞላ ባትሪ ፍሪኩዌንሲ ከፍ ሲል ኃይል መቀበል አይችልም፤ ባዶው ደግሞ ሲወርድ መስጠት አይችልም። ኃይል ገዝቶ ለመሸጥ ብቻ የተያዘ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ይገኛል። ከላይም ከታችም የማይነካ ድርሻ ይከለል።

ከመብራት መጥፋቱ በኋላ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሆርንስዴል ላይ የተተከለው የቴስላ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሥራ ሲጀምር 100 ሜጋ ዋት፣ 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ነበር። በ2020 ወደ 150 ሜጋ ዋት አደገ። በ2022 ደግሞ የተርባይንን ክብደት የሚመስል አገልግሎት እንዲሰጥ ተፈቀደለት።

4. አውጪና ተቀባይን ይለዩ

ዘፈን ውስጥ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አብዛኛው ኢንቨርተር ተቀባይ ነው፤ የመረቡን ዜማ አድምጦ ይከተላል። አውጪው ዝም ካለ ተቀባዩም ዝም ይላል። ጣሪያው ላይ ባትሪ የሌለው ፓነል ያስተከለ ሰው ይህን በራሱ ቤት ያየዋል፦ መብራት ሲጠፋ ፀሐይ እያለች ኢንቨርተሩም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚያስቀጥለው ባለባትሪ ኢንቨርተር ግን በዚያች ሰዓት የቤቱ አውጪ ሆኗል፤ ቮልቴጁንም ፍሪኩዌንሲውንም እሱ ይሠራል።

በትልቅ ጣቢያም ያው ነው። «ግሪድ ፎርሚንግ» የሚባለው ኢንቨርተር አውጪ መሆን ይችላል። ባትሪ ሲገዛ ይህን ችሎታ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ማስገባት ኋላ ከመጨመር ይቀላል፤ በደካማ ቦታ ላይ ከሆኑ ደግሞ እኔ ያለሱ አልፈርምም።

5. ቮልቴጅን ይቆጣጠር

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 እኩለ ቀን እንዳለፈ ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ላይ ጨለሙ። በዚያ ቀን የገደለው የቮልቴጅ መውረድ አልነበረም፤ ከፍ ማለቱ ነው። ቮልቴጅ ከፍ ሲል ጣቢያዎች ከመረቡ ይወጣሉ፣ ሲወጡም ቮልቴጁ ይበልጥ ይጨምራል፣ ሌሎችም ይከተላሉ። በወቅቱ ብዙ የታዳሽ ኃይል ጣቢያዎች ይሠሩ የነበረው በቋሚ ፓወር ፋክተር ነበር፤ ቮልቴጅን እያዩ ሪአክቲቭ ኃይል (ቮልቴጅን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያገለግለውን የኃይል ዓይነት) አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ኢንቨርተሩ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ያላዘዘው ሰው ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ «ቮልቴጅ ኮንትሮል» በሚለው አሠራር ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በባትሪ ይህ በሌሊትም ይሠራል።

6. የሰብስቴሽኑ ሪሌይ እንደገና ይታይ

የሚሽከረከር ጄኔሬተር ሾርት ሰርኪዩት ሲገጥመው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይተፋል፤ ሪሌይ የሚባለው የመከላከያ መሣሪያም ያንን አይቶ ብሬከር (መስመር ቆራጩን) ይከፍታል። ኢንቨርተር የሚሰጠው ከመደበኛው ብዙም የማይበልጥ፣ 1.2 እጥፍ ገደማ ነው። በድሮው ቁጥር የተሞላ ሪሌይ ሾርት ሰርኪዩቱን ላያየው ይችላል። ይህ የፕሮቴክሽን ባለሙያ ሥራ ነው፤ እርስዎ መጠየቁን ብቻ አይርሱ።

7. ኮምፒውተር ላይ የተጠናውና መሬት ላይ ያለው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ

ጣቢያው ከመገናኘቱ በፊት በኮምፒውተር ሞዴል ይጠናል። ችግሩ ሞዴሉ ውስጥ ያለው ቁጥርና ኢንቨርተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሳይገናኙ መቅረታቸው ነው። የሚያስከትለው ጥናቱ ያለፈ፣ ጣቢያው የወደቀ መሆን ነው። በሙከራው ቀን ከእያንዳንዱ ዓይነት ኢንቨርተር ላይ ሴቲንጉ ይነበብ፣ ከሞዴሉ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ፣ ይፈረም። የሶፍትዌር ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር ይህ ይደገም፤ አንዳንድ ማሻሻያ ቁጥሮቹን ወደ ፋብሪካው ይመልሳቸዋል።

በመገናኛው ቦታ ላይም ሞገዱን በዝርዝር የሚቀዳ መሣሪያ ይተከል፤ ሰዓቱ ከጂፒኤስ ጋር ይገጣጠም። ኢንቨርተሮች የያዙትን መዝገብ ቶሎ በአዲስ ይተኩታል። ስለዚህ አንድ ነገር በተፈጠረ ዕለት፣ ጣቢያው ተመልሶ ቢሠራም ባይሠራም፣ መጀመሪያ የሚደረገው መዝገቡን ማውረድ ነው።