ሰው በሁለት ቀን አይጃጅም፦ ቤት ውስጥ አረጋውያንን ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ማታ ነው። «ሲስተር፣ እማማ ጃጅተዋል መሰለኝ፤ ይቀባዥራሉ።» መቼ ጀመራቸው? «ከትናንት ወዲያ።»

ሰው በሁለት ቀን አይጃጅም! አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያን ማስታመም ከጀመርኩ ቆየሁ፤ እንደዚች ንግግር የሚያናድደኝ የለም። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚገባው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ፣ ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ የሚብስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ የሚነሳ መቀባዠር ሌላ ነው። ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሥሩ ያለው ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ነው፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት፣ በደም ውስጥ የስኳር ወይም የሶዲየም (የጨው) መውረድ፣ አልወጣ ያለ ሽንት። የሆድ ድርቀት እንኳ ሊያመጣው ይችላል። ድሮም የሚረሱ ሰው ከሆኑና ድንገት ከባሰባቸው «የተለመደው ነው» አትበሉ፤ ይበልጥ የሚያጠቃው እንደ እሳቸው ያለውን ነው። ትኩሳት የለም ብላችሁም አትዘናጉ። በዚህ ዕድሜ የሳንባ ምች ትኩሳት ሳይኖረው ሊመጣ ይችላል።

ከተጠራጠራችሁ የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ሳምንት የእድር ሒሳብ ሲያርሙ የነበሩ ሰው ዓርብ ላይ ጠፍተው ስለ በግ ካወሩ፣ አትደሩ፤ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ሁለተኛው ስህተት የራሴም ነው። ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር። ማታውን ሲጮኹና ነጠላቸውን ሲጥሉ ያደሩ እናት ነበሩ። በማግስቱ 10 ሰዓት ላይ ስደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። «ተመስገን፣ ዛሬ ተረጋግተዋል» ብያቸው ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሲኒው ትዝ አለኝ። ጾም ተፈትቶ የቀረበላቸው ቡና ሞልቶ ቀዝቅዟል። እሳቸው ደግሞ ቡና የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም! ተመልሼ ስኳራቸውን ለካሁ፤ 48፤ በጣም ወርዷል። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒናቸውን ውጠው ምንም ሳይቀምሱ ውለዋል። ይህ ኪኒን ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ተነስቶም መልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ሐኪም ቤት ማደር ነበረባቸው። የሚጮኸውን በሽተኛ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፤ ዝም ያለው ነው የሚያመልጠን። (ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ስኳር እንዳታፈሱ። ትን ይለዋል።)

እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብሎ ዲያዜፓም መስጠት። ተዉ! የጎረቤት አሚትሪፕቲሊንም (ለድብርት የሚታዘዘው ኪኒን)፣ እንቅልፍ የሚያስይዘው የጉንፋን ኪኒንም እንደዚያው፤ መቀባዠሩን ራሳቸው ሊያመጡት ይችላሉ። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የባሕል መድኃኒት ካለም አትደብቁ። አባባ በየማታው አረቄ የሚቀምሱ ከነበረና ታመው ድንገት ካቋረጡም ንገሩ፤ መቀባዠሩ አረቄው ስለቀረ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሊገድል ይችላል፣ ሕክምናውም ለየት ይላል።

አልጋ እንዳያረጥቡ ብሎ ውሃ መከልከል። ይህን ላብራራ አልፈልግም።

ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን አልቃወምም። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ፤ መጀመሪያም ይመርመሩ።

ወደ ጠያቂዎቹ ልምጣ። ስምንት ሰው አልጋውን ከቦ፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ እያንዳንዱ ተራ በተራ ጎንበስ ይላል፦ «አወቁኝ? እስቲ ማነኝ?» ፈተና ነው እንዴ? ሰውየው ሲሳሳቱ ሳቅ፣ ከዚያ ለቅሶ። እሳቸው ይደነግጣሉ፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ገብታችሁ «አባባ፣ እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ቤትዎ ነዎት» በሉ። ከዚያ አንድ የሚያውቁት ሰው ይቀመጥ፤ ሌላው ሳሎን ቡና ይጠጣ። መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ የመስሚያ መሣሪያ ካላቸውም እሱን። ቀን መጋረጃው ይከፈት፤ ማታ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ይኑር።

እጃቸውን በነጠላ አልጋ ላይ ያሰረ ቤተሰብም አጋጥሞኛል። ጨክነው ሳይሆን ለሦስት ሌሊት ስላልተኙ ነው። ግን ማሰር ፍርሃቱን ያባብሳል፤ ሲታገሉም ይጎዳሉ። በፈረቃ እደሩ።

መከራከርም አይጠቅምም። አንድ አባት ላም ሳሎን ገብታለች ብለው ሌሊቱን ሙሉ «አስወጧት» እያሉ ሲያዙ ያድራሉ። ልጃቸው፣ ኢንጂነር ነው፣ «አባዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነን እኮ!» እያለ ማስረጃ ያቀርባል። «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ፤ የሚነካዎት የለም» ማለት ይበቃ ነበር።

የአባትየው ሕመም የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጀመሩ፤ ልጁ በማግስቱ ደውሎ «ለምን አልተሻላቸውም?» አለኝ። የሳንባ ምቹ ቢታከምም አንጎሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል፤ ሁሉም ወደ ድሮው አይመለስም። እሳቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት ደም ግፊታቸውን ስለካ ልጃቸው አለመኖሩን አይተው ጠጋ አሉኝና «ሲስተር፣ ያቺን ላም በመጨረሻ ማን አስወጣት?» አሉኝ።