ሰዉ ራሱ የሚሠራው የአደባባይ ጥበብ፦ አስተባባሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተራ ሰዎች ተሰባስበው የሠሩት የግድግዳ ሥዕል ወይም የሸክላ ሥራ መንገደኛን ቆም ያደርጋል። ጠጋ ብሎ ሲያይ የጣት አሻራ፣ የተንጋደደ ፊደል፣ የልጅ እጅ የጣለው መስመር ያገኝበታል። «ይህንማ እኔም እችላለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። የሥራው መስህብም ይኸው ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ አስተባባሪዎች በቅን ልቦና ተነሥተው ይህንኑ መስህብ ማጥፋታቸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሰዉ ከሄደ በኋላ «ማስተካከል» ነው። ተሳታፊዎቹ ቀለሙን ቀብተው ወደየቤታቸው ሲገቡ ባለሙያው ጠርዙን ያቃናል፣ የተዛባውን ፊት እንደገና ይሥላል። በማግስቱ አንዲት ልጅ የሣለቻትን ወፍ ለእናቷ ልታሳይ ትመጣለች። በቦታው ያማረች ወፍ አለች፤ የእሷ ግን አይደለችም። ልጅቷ ያንን ግድግዳ ዳግመኛ የእኔ አትለውም። እንግሊዛዊው ቀራፂ አንቶኒ ጎርምሊ እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ ሴንት ሄለንስ ከተማ ነዋሪዎችን ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የሸክላ ምስሎች ሲያሠራ መመሪያው ጥቂት ነበር፦ በእጅ የሚያዝ ይሁን፣ ይቁም፣ ሁለት ዓይን ይኑረው። ሌላውን ለሠሪው እጅ ተወው። ምስሎቹ ወለል ሞልተው ወደ ተመልካቹ ሲያንጋጥጡ ልብ የሚነካው አንዱ ከሌላው መለየቱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «የፈለጋችሁትን ሥሩ» ብሎ መተው። ነፃነት መስጠት ይመስላል። ነገር ግን ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ባዶ ግድግዳ ፊት ሲቆም እጁ ይታሰራል፤ ቦታውን ደፋሮቹ ይይዙታል፣ ዓይናፋሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሠዓሊዋ ካንዲ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኦርሊንስ የአንድ ባዶ ቤት ግድግዳ በጥቁር ሰሌዳ ቀለም ቀብታ «ከመሞቴ በፊት ... እፈልጋለሁ» የሚል ክፍት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ጻፈችበት፤ ጠመኔም አስቀመጠች። ግድግዳው በማግስቱ ሞላ። በአሜሪካ በኤድስ የሞቱ ሰዎች ወዳጅ ዘመዶች ቁራጭ በቁራጭ የሰፉት የኤድስ መታሰቢያ ጨርቅም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 በዋሽንግተን ሲዘረጋ 1,920 ቁራጮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአንድ መቃብር ያህል። ልኩ ለሁሉም አንድ ነው። በልኩ ውስጥ ግን አንዱ የሟቹን ሸሚዝ ይሰፋል፣ ሌላው ስሙን በጥልፍ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ወሰን ሰውን ያደፋፍራል እንጂ አያስርም።

ሥራውን ሁሉ ግድግዳው ሥር ማድረግም ብዙ ሰው ያስቀራል። መወጣጫ ላይ የማይወጡ አዛውንት፣ የታመመ፣ የታሰረ ሰው አለ። በፊላዴልፊያ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም ሥዕሉን በስስ ጨርቅ ላይ ከፋፍለው ይነድፉትና ለየቀለሙ ቁጥር ይሰጡታል። ሰዎች በትምህርት ቤትና በማረሚያ ቤት ጭምር ጠረጴዛ ላይ ይቀቡታል፤ በኋላ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ ዘዴ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ንድፉ ሲወሰን ሰዉ አስቀድሞ የተመካከረበት መሆን አለበት። አለዚያ ተሳታፊው የሌላ ሰው ሐሳብ ቀቢ ሆኖ ይቀራል።

ባለሥልጣን መጥቶ ፎቶ እስኪነሣ ብቻ ሰው መሰብሰብን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የተጠራበትን ምክንያት ሰዉ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሁለተኛም አይመጣም።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ነው። እርጥበት ያለው ግድግዳ ቀለሙን ይልጠዋል፤ የጠመኔ ግድግዳ በየጊዜው መታጠብ፣ አዲስ ጠመኔም ማግኘት አለበት። ግድግዳውን ማን ይጠብቃል? ቀለሙ ሲደበዝዝ ማን ያድሳል? ይህ ከመጀመሪያው ብሩሽ በፊት ከባለንብረቱና ከሠፈሩ ሰው ጋር ስምምነት ያስፈልገዋል። ሕንፃው የሚፈርስ ከሆነም የሣሉት ሰዎች ከሌላው በፊት ይወቁ፤ እያንዳንዱም የሠራውን ፎቶ ለማንሣት ጊዜ ይሰጠው።